ያልተነካ ሞተር

ዮናስ መኪናዋን የመለሳት አጥቦ ነው። የአጵሎስ ጥርጣሬም የጀመረው ከዚያው ከመታጠቧ ነው።

የተዋሰውን መኪና አጥቦ የሚመልስ ሰው ጨዋ ይባላል፤ አጵሎስም ሌላ ቀን ቢሆን እንዲያ ይል ነበር። ግን ዮናስ ቁልፉን በሁለት እጁ ሲያቀብለው ዓይኑን ከጎማው ላይ አላነሣም። እናቱን ከዶርዜ አውርዶ ሐኪም ቤት እንዳደረሳት፣ እግዚአብሔር ይመስገን ሻል እንዳላት፣ መንገዱም ጭቃ እንደነበረ ተናገረ። መጨረሻ ላይ፣ እንደ ቀላል ነገር አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ዘይትም ትንሽ ጨምሬበታለሁ» አለና ቁጭ በል ቢባል እንኳ እሺ ሳይል ሄደ።

አጵሎስ በዚያች በዘይት ቃል ላይ ቆሞ ቀረ። መኪናዋን ሲያውሰው ዘይቷን ያየው ራሱ ነው። ሙሉ ነበር። በሙሉ ዘይት ላይ ዘይት የሚጨምር ሰው አንድም መኪና አያውቅም፣ አለዚያም ያየው ነገር አለ። ዮናስ ደግሞ የግብርና ባለሙያ ነው፤ ከገበሬ ገበሬ በመሥሪያ ቤቱ መኪና ሲዞር የሚውል ልጅ ነው። አያውቅም እንዳይባል ያውቃል።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ጫኖ፣ ወደ ሙዝ ማሳው ሊወርድ ሞተሩን ሲያስነሣ ከወደ ሆዱ አንድ ድምፅ ሰማ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። በር ላይ ቆሞ የሚያንኳኳ እንግዳ ይመስላል። ነዳጁን ረገጥ ሲያደርገው ድምፁ ፈጠነ፤ ሲለቀው ቀዝቀዝ አለ። አጵሎስ ሞተሩን አጠፋና ሁለት እጁን መሪው ላይ እንዳደረገ ቁጭ አለ። ጫኖም ሳይወርድ ቀረ።

ይህ ሞተር ለሱ ተራ ብረት አልነበረም። መኪናዋ ያረጀች ነጭ ዲኤክስ ናት፤ ቀለሟ ረግፏል፣ የኋላ በሯ በገመድ ይታሰራል፣ ፍሬቻዋ ደስ ሲላት ነው የሚበራው። ሞተሯ ግን ያልተነካ ነው። ያልተነካ ማለት ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ ማንም መካኒክ ሆዱን ከፍቶ አላየውም ማለት ነው፤ መኪና የሚገዛና የሚሸጥ ሰው ሁሉ ከቀለሙም ከወንበሩም በፊት የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። የሸጠለት ሰው ወደ ሐዋሳ ከመዛወሩ በፊት እጁን ኮፈኑ ላይ ጭኖ ምሎለታል። ከዚያ ወዲህ አጵሎስ ሠርግ ቤትም ለቅሶ ቤትም ወሬው ወደ መኪና ዞር ካለ «የኔ ሞተር እኮ አልተነካም» ሳይል አይነሣም። እንዳይደክምም ብሎ ከሚኖርበት ከሲቀላ እስከ ጫኖ ባለው ሜዳ ላይ ብቻ ነው የሚነዳት፤ ወደ ላይኛው ሰፈር ወደ ሴቻ የሚያወጣውን ዳገት እንኳ በባጃጅ ነው የሚሄደው። ለዮናስ ግን እምቢ ማለት አልቻለም። እናት ታማለች ተብሎ እምቢ አይባልም።

ነገሩን ያከበደው ሌላ ነው። ሊመጣ ባለው ሳምንት እሁድ የዮናስ ሽማግሌዎች ቤቱ ሊመጡ ቀጠሮ ይዘዋል። ቤተልን ሊጠይቁ። አንዲት ልጁን። አጵሎስ ልጁን ወዶት ነበር፤ በጸሎት ቤት ከኋላ ወንበር ተቀምጦ የሚያዳምጥ፣ ቶሎ የማይናገር ልጅ ነው። አሁን ያ ቶሎ አለመናገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ሞተር ጎድቶ፣ አጥቦ፣ ዘይት ሞልቶ ዝም ያለ ሰው ነገ ልጄን ጎድቶ ምን አድርጎ ይመልስልኛል?

ደወለለት። ሳይቆጣ፣ መኪናዋ መንገድ ላይ ምን እንዳጋጠማት ጠየቀው። ዮናስም፣ «ጋሼ፣ ከመጀመሪያም የነበረ መሰለኝ፤ ዳገቱ ላይ ጎልቶ ተሰማ እንጂ» አለ።

ከመጀመሪያም የነበረ! አጵሎስ ስልኩን ዘጋና፣ ለሚስቱ ለልክነሽ፣ እሁድ የሚመጡት ሰዎች የሚያገኙት መልስ እምቢታ መሆኑን ነገራት። ልክነሽ የሰማችውን ሰምታ ወደ ሥራዋ ዞረች። ቤተል ግን ከጓዳ ወጥታ አባቷን ትክ ብላ አየችው፤ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው።

አጵሎስ ያደገው ዶርዜ ነው። በልጅነት መንደሩ ላም ብትታመም፣ ሕፃን ቢያተኩሰው፣ ዝናብ ቢዘገይ ትልልቆቹ ሰዎች አስቀድመው የሚጠይቁት ምን ሆነ ብለው አልነበረም፤ ማን ምን አደረገ ብለው ነበር። ከቤተሰቡ አንዱ የተከለከለ ነገር አድርጓል፤ ጎሜ ነው ይባላል፤ ጥፋተኛው ወጥቶ እስኪናዘዝ መከራው ከቤት አይወጣም። አጵሎስ ጌታን ከተቀበለ ወዲህ ይህን ሁሉ ትቷል፣ ሌሎችም እንዲተዉ ይመክራል። የሐሳቡ መንገድ ግን የድሮው ነው። ሞተሩ ሲያንኳኳ የፈለገው የላላውን ብረት ሳይሆን ሰውዬውን ነበር።

ስለዚህ ወደ ካሱ ጋራዥ ሲሄድ የሚጠግንለት መካኒክ ብቻ ሳይሆን የሚመሰክርለት ሰውም ፈልጎ ነው።

የካሱ ጋራዥ ከኩልፎ ወንዝ ብዙ አይርቅም፤ አንድ ጉድጓድ፣ አንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍና አንድ የቆርቆሮ መጠለያ ነው። ካሱ ከአጵሎስ በዕድሜ ትንሽ ያንሳል፤ ማተቡ በዘይት ጠቁሯል፣ አፉ አያርፍም። ጴንጤውን ወዳጁን ሲያይ ሁልጊዜ «ወንድም አጵሎስ፣ ዛሬ ደግሞ ልትሰብከኝ መጣህ?» ይለው ነበር። የዚያን ቀን አላለውም። መኪናዋ ገና ከበር ስትገባ ድምፁን ሰማ፤ በጨርቅ እጁን ይጠርግ ጀመር፤ እጁ ደግሞ ንጹሕ ነበር።

«አስነሣት» አለ ካሱ። ረጅሙን ካቻቢቴ አንሥቶ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ከላይ ወደ ታች፣ ከፊት ወደ ኋላ አዳመጠ። ቀጥሎ የካንዴላዎቹን ገመድ አንድ በአንድ ይነቅል ገባ። የመጀመሪያው ሲነቀል ሞተሩ ተንገዳገደ፣ ኳኳታው ግን ቀጠለ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛው ሲነቀል ድምፁ ድንገት ጠፋ ለማለት እስኪቻል ድረስ ቀነሰ። ካሱ ገመዱን መለሰው፤ ኳ፣ ኳ። ነቀለው፤ ጸጥ። ሁለተኛ ጊዜ ያደረገው ለማረጋገጥ ሳይሆን ለማሰብ ጊዜ የፈለገ ይመስል ነበር።

«የሦስተኛው ቢዬላ ብሮንዚን ነው» አለ። ለአጵሎስ እንዲገባው ዘረዘረለት፦ ፒስተኑን ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለሰው ክንድ ቢዬላ ይባላል፤ ክንዱ ከታች ኮሎውን፣ ማለትም የሚሽከረከረውን ትልቁን ብረት ያቅፋል፤ በሁለቱ መካከል እንዳይፋጩ ስስ ብረት አለ፤ እሱ ነው ብሮንዚን። ሲበላ ክፍተት ይፈጠራል፣ በክፍተቱ ልክ ብረት ከብረት ይማታል።

አጵሎስ የሚፈልገውን ብቻ ጠየቀ። «ዘይት ጨርሶ ስለተነዳ ነው፣ አይደል?»

ካሱ ወደ ማንጎው ዛፍ አየ። ሊሆንም ላይሆንም እንደሚችል፣ ካልተከፈተ እንደማይታወቅ ተናገረ። ቢሆንም መክፈቱ ምን ያደርጋል? ወፈር ያለ ዘይት ቢገባበት ድምፁ ይቀንሳል፤ ሜዳ ለሜዳ ለሚነዳ ሰው እንዲሁ ዓመት ሊያደርስ ይችላል።

አጵሎስ መካኒክን ያውቃል። መካኒክ የካንዴላ ገመድ ለላላበት ሰው ሞተሩ ይውረድ የሚል ፍጥረት ነው። ሥራ መጥቶለት አልሠራም የሚል መካኒክ ግን አይቶ አያውቅም። ልጁ ቀድሞት እዚህ መጥቶ ይሆን? ቃል አስገብቶት ይሆን?

«ይከፈት» አለ።

«እሺ፣ እንግዲያው ትተሃት ሂድ። ነገ ከሰዓት ስትመጣ ታገኛታለህ።»

«የትም አልሄድም። እዚሁ ቁጭ ብዬ አያለሁ።»

በአገሩ መካኒክ ሞተር ሲከፍት ባለቤቱ ጄሪካን ገልብጦ ፊቱ መቀመጡ ያለ ነው፤ ጥሩ ዕቃ በመጥፎ እንዳይለወጥ የሚፈራ ሁሉ ያደርገዋል። አጵሎስ ግን አንድ ነገር ጨመረ። ሥራው ሳይጀመር መኪናዋን ቆልፎ ቤት ደረሰና የቤተልን የጥፍር ቀለም ይዞ ተመለሰ። ቀዩን። ከትራሷ በታች እንደምታስቀምጠው ሲያውቅ ኖሯል፤ እንደማያውቅ ሆኖ ኖሯል እንጂ። እያንዳንዱ ዕቃ ሲወጣ ነጥብ ሊያደርግበት ነው፤ ቢለወጥ ይታወቃል።

ካሱ ጠርሙሷን ሲያይ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «ሞተሩን ልትድረው ነው እንዴ? ሂና ቀረው እኮ።»

አጵሎስ አልሳቀም። ከመጀመሩ በፊት እጁን ኮፈኑ ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ፤ ካሱም ልማዱን ያውቃልና ቆቡን አውልቆ አማተበና ጠበቀው። ጸሎቱ አጭር ነበር። ሥራውን እንዲባርክ፣ ያለ አደጋ እንዲያስጨርስ፣ ደግሞም የተሰወረውን ሁሉ እንዲገልጥ ለመነ። አሜን አለ። የካሱ አሜን ዘግይታ መጣች። አጵሎስ ዓይኑን ሲገልጥ ሰውየው ቆቡን በእጁ እያዞረ መሬት መሬት ያያል።

ዘይቱ ወደ ሳፋው ተንዠቀዠቀ፤ በፀሐይ ሲያዩት ውስጡ የሚያብለጨልጭ ትቢያ ነበረበት። ካሱ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት ማጠራቀሚያ፣ ኮፓውን፣ ፈታ። አጵሎስ በሆዱ ተኝቶ ከላይ አጮልቆ ያያል። ብሎኖቹ ሲወጡ ቀይ ነጥብ አደረገባቸው። ካሱ የመጀመሪያውን፣ የሁለተኛውን፣ የአራተኛውን ቢዬላ በእጁ ነቀነቀ። ሦስተኛውን አልነካም።

«ሦስተኛውን ፍታው እንጂ» አለ አጵሎስ።

የብሎን መፍቻው ከካሱ እጅ አምልጦ ጉድጓዱ ውስጥ ወደቀ። ካሱ ጎንበስ ብሎ ሲፈልገው ቆየ። በመጨረሻ ፈታው፤ የቢዬላው ቆብ ወረደ፤ ብሮንዚኑ ቆቡ ውስጥ እንዳለ ለአጵሎስ አቀበለው። ሲያቀብለው ቀና ብሎ አላየውም።

ብሮንዚኑ በዘይት እጦት ተቃጥሎ የጠቆረ አይመስልም ነበር፤ አርጅቶ አልቋል፣ መዳቡ ወጥቷል። ይህን አጵሎስ መለየት አይችልም። በጥፍሩ ፈልቅቆ ሊያወጣው ሲሞክር ግን ከሥሩ ሌላ ነገር ተያይዞ ወጣ። በመቀስ የተቆረጠ ስስ ቁራጭ። በጣቱ ጠረገው። በአንድ ወገን ነጭ ብረት ነው፤ በሌላው ወገን ቀይ ቀለም አለው፤ የግማሽ ፊደል ቅርጽም ይታያል። የለስላሳ ጣሳ ነው።

አጵሎስ ለረጅም ጊዜ አገላብጦ አየው። ከዚያ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ እንደ ማንም ጠያቂ፣ «ካሱ፣ ፋብሪካው የለስላሳ ጣሳ ያስገባበታል?» አለ።

ካሱ ከጉድጓዱ ወጥቶ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ።

«የኔ ሥራ ነው» አለ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ተራ በተራ ነገረው። የፊተኛው ባለቤት መኪናዋን እያንኳኳች አምጥቷት ነበር። ኮሎው ተበልቷል፤ ለተበላ ኮሎ የሚሆን ወፍራም ብሮንዚን ያኔ ሶዶም ሐዋሳም ጠፋ። ባለቤቱ ድምፁ ብቻ ይጥፋልኝ አለው። ካሱ ጣሳ ቆርጦ ከብሮንዚኑ ሥር አስገባ፤ ክፍተቱ ሞላ፤ ኳኳታው ጠፋ። ሰውየው ሊሸጣት መሆኑን አላወቀም። ገዢው አጵሎስ መሆኑንም ያወቀው አጵሎስ ራሱ ሊያሳየው ነድቶ ሲመጣ ነው።

«ከመኪናው ሳትወርድ ነው የጀመርክልኝ። ሞተሩ አልተነካም አልከኝ። እኔ በዚህ እጄ የነካሁትን። ያኔውኑ ልነግርህ አስቤ ፊትህን አየሁት፤ እንደ ሙሽራ ነው የሚያበራው። ዛሬ አልኩ፣ ነገ አልኩ። አንተ ደግሞ አገሩን ሁሉ እየዞርክ አወራህ፤ እኔ ደግሞ ባወራህ ቁጥር ከበደኝ።»

ካሱ ገና አልጨረሰም ነበር።

«ልጁንም ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ። ከዶርዜ ዳገት እናቱንና ዘመዶቹን ጭኖ ወርዶ፣ ሐኪም ቤት እንዳደረሳቸው በቀጥታ እዚህ ነው የመጣው። አንኳኳብኝ፣ ሳይብስ እየው አለኝ። ኮፈኑን ከፈትኩ፣ ሰማሁት፣ ወፍራም ዘይት ጨመርኩበት። እውነቱንም ነገርኩት። እኔው ራሴ እስክነግረው ታገሠኝ ብዬ ለመንኩት። ኮፈኑ ላይ የኔ የዘይት እጅ ታትሞ ስለነበር ነው ያጠባት።»

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ልቡ ይራራ ነበር። የአጵሎስ ጥርጣሬ ግን ቤቱን ለወጠ እንጂ አልወጣም። እንግዲያው ልጁ ሞተሩን አልጎዳም፤ እሺ። ግን ያውቅ ነበር። እያወቀ ቁልፉን በሁለት እጁ አቀበለኝ። ከመካኒክ ጋር በኔ ላይ የተማከረ ልጅ ነው። ሲወቀስም ካሱን ከማጋለጥ ወቀሳውን ችሎ ዝም አለ፤ ይህ ጨዋነት ነው ወይስ የለመደበት ተንኮል?

ካሱ በዚያ ሳምንት ሌላ ሥራ አልነካም። ኮሎው ወርዶ ሶዶ ቶርኖ ቤት ተላከ፤ ተላግቶ ለስልሶ መጣ፤ ለልኩ የሚሆን ወፍራም ብሮንዚንም ተገኘ። አጵሎስ ጄሪካኑ ላይ ተቀምጦ እያንዳንዷን ብሎን አየ። የጥፍር ቀለሙ አለቀ። ሁለቱ ሰዎች ከሥራው ውጭ ብዙም አልተነጋገሩም። ሞተሩ ተገጥሞ ሲነሣ አጵሎስ ሙዝ በጆንያ ሞልቶ ብቻውን የሴቻን ዳገት ወጣባት። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ። መስኮቱን ከፍቶ አዳመጠ። ምንም። መለስ ብሎ ደግሞ ወጣ። አሁንም ምንም። ዝምታውም ራሱ አላሳመነውም።

ቅዳሜ ከሰዓት ለልክነሽ ሁሉንም ነገራት፤ ጣሳውን፣ የካሱን ጥፋት፣ የልጁን ዝምታ። እሷ ጎመን እየቀነጠሰች ሰማችው።

«እኔማ የሰማሁት ድሮ ነው» አለች።

«ምኑን?»

«ኳኳታውን ነዋ። የቤተል ምረቃ ዕለት ሰው ሞልተህ፣ ከድልድዩ ስትወጣ ሰማሁት፤ ነገርኩህ። መንገዱ ነው አልከኝ። ደግሜ ብነግርህ አኮረፍክ። እንኳን እኔ፣ የጎረቤት ሰው እንኳ መኪናው ያንኳኳል ሊልህ ፈርቶ ስንቴ ዋጠው መሰለህ።»

አጵሎስ አላስታወሰውም። ሊያስታውስ ሞከረ፤ የምረቃው አበባ፣ ፎቶው፣ የቤተል ሳቅ መጣለት እንጂ ኳኳታ አልመጣለትም። ወደ ጓሮ ወጥቶ ሙዙ ሥር ተንበረከከ። የሚለምነው ነገር አጣ። ጉልበቱን አራግፎ ገባ።

እሁድ ከጸሎት በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ። ከፊት የነበረው ጋሽ ዘመድኩን ነው፤ የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ፣ ለንግግር የማይቸኩል ሰው። እንደ ደንቡ ቆመው ጉዳያቸውን ተናገሩ፤ እንደ ደንቡ ተቀመጡ ተባሉ። ደንቡ በዚህ አያበቃም። አባት በመጀመሪያ ቀን እሺ አይልም፤ ከዘመድ ልምከር፣ ተመልሳችሁ ኑ ይላል። እምቢም ቢሆን የሚባለው በዚያው በለዘበ ቃል ነው። አጵሎስ ሁለቱንም ተዘጋጅቶባቸው ነበር፤ የትኛውን እንደሚል ግን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አላወቀም።

ጋሽ ዘመድኩን ስለ ልጁ ጥሩ ጥሩውን ዘረዘረ። እናቱን እንደሚጦር፣ በሥራው እንደተመሰገነ፣ እንከን እንደሌለበት። አጵሎስ አንገቱን እየነቀነቀ ሰማ፤ ሲያበቃም ለሽማግሌዎቹ መልስ አልሰጠም። ወደ ጓዳው በር ዞሮ፣ ሰዎቹ ሁሉ እያሉ፣ ልጁን ጠራት። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሴት ልጅ በራሷ ጉዳይ ሽማግሌ ፊት ስትጠራ አይተው አያውቁም።

ቤተል ነጠላዋን አስተካክላ መጥታ ቆመች።

«እነዚህ ሰዎች ስለ ዮናስ የነገሩኝን ሰምተሻል» አለ አጵሎስ። «እነሱ ያላወቁት፣ እኔም ያላወቅሁት፣ አንቺ ብቻ የምታውቂው ነገር አለ?»

ልክነሽ ከበሩ ኋላ «የቤተል አባት» ብላ በቀስታ ልታስቆመው ሞከረች። ዞር አላለም።

«አለ» አለች ቤተል።

ጋሽ ዘመድኩን መነጽሩን አወለቀ።

«የሞተሩን ነገር በዚያው ቀን ነግሮኛል፣ አባዬ። ከካሱ እንደወጣ ነው የደወለልኝ። ዝም እላለሁ ብዬ ቃል ገባሁ፣ ግን አላስቻለኝም፣ ገብቼ ልንገራቸው አለኝ። አትንገር ያልኩት እኔ ነኝ። እንደ ውሸታም ነው የሚያዩኝ አለ። ይዩህ አልኩት። ሽማግሌ ሳይመጣ ያንን ሞተር ከነካህበት በዚህ ቤት ደግመህ አትገባም አልኩት። ሞተሩ ላይ እውነት የነገረህ ሰው ሁሉ ምን እንደሚደርስበት አይቻለሁ። እማዬን አይቻለሁ።»

አጵሎስ ልጁን አየ። ሳምንቱን ሙሉ በየሰዉ ፊት ሲፈልገው የሰነበተው ጥፋተኛ ነጠላ ለብሳ ፊቱ ቆማለች፤ የጥፍር ቀለሟን እንኳ ጨርሶ በሷው ቀለም ሌላውን ሲቆጣጠር ነበር። መቆጣት እንዳለበት አወቀ። ቁጣው ግን ሲፈልጉት እንደማይገኝ ዕቃ ሆነበት። መከረኛው ዮናስ ሊነግረው ፈልጎ ነበር፤ ይህችኛዋ ከለከለችው። ይህችኛዋን ደግሞ ማን እንደከለከላት ለመስማት ካቻቢቴ ጆሮ ላይ ማድረግ አያስፈልግም።

«ጋሽ ዘመድኩን» አለ በመጨረሻ።

«አቤት ወንድሜ።»

«ተመልሳችሁ ኑ አልላችሁም። ልጄን ሰጥቻለሁ። ዮናስም ዛሬውኑ ይምጣ፤ ይቅርታ የምጠይቀው አለኝ።»

ሽማግሌዎቹ ደስ ይበላቸው ወይስ የደንቡን መፍረስ ይቃወሙ ግራ ገባቸው። በኋላ ጋሽ ዘመድኩን ተነሥቶ መረቀ፤ አሜን ተባለ፤ ቤቱም ወንበር በሚጎትትና በሚሳሳም ሰው ሞላ።

አጵሎስ ልጁ ስታልፍ ክንዷን ያዝ አደረጋት።

«ሌላስ አለ?» አላት በጆሮዋ።

ቤተል ወደ እናቷ አየች። ልክነሽ የበቆሎና የጎመኑ ምግብ፣ የኩርኩፋው ድስት እንዳያር ብላ ወደ ጓዳ ፈጠን ፈጠን እያለች ገባች። አጵሎስም የልጁን ክንድ ሳይለቅ ሚስቱ የገባችበትን በር ያይ ጀመር።